ዐፄ ቴዎድሮስና ሴባስቶፖል፤ ከጋፋት እስከ መቅደላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን የቋራው ሽፍታ ጀግንነትና የመጨረሻዪቱ ሽጉጥ ነው። እኛ በዚህ እትም የምንከተለው መድፋቸውን ነው። የንጉሡ ሕይወት ከወጣትነታቸው እስከ ፍጻሜያቸው በመድፍ ዙሪያ የዞረ ነበርና፣ ምን ዓይነት መድፍ ይሠራ፣ ትልቅ ይሁን ወይስ ትንሽ የሚለው ምርጫ እስከ ምን እንዳደረሳቸው መመርመር ይገባናል ብለን ነው። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሴባስቶፖል ዛሬም ያለው በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደጋውን ተሻግሮ በሚገኘው በመቅደላ አምባ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ የሚታየው ምስሉ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባሉ ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቲቱ ተቸገረች፤ በኋላም ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሲሰድቡት ኖረዋል። ፊደልና ዳዊት የተማረው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጦርነትን የተማረው ደግሞ በቋራ ቆላ በሽፍትነት ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ውጊያ በአመዛኙ የፈረስ፣ የጦርና የጋሻ ውጊያ ነበር። ጠብመንጃ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ መድፍ ያየማ ከዚያም ያንሳል።

ካሣ መድፍን ያወቀው ተመትቶበት ነው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት ይዞ ወደ ሱዳን ወረደና ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ግብፆቹ በቁጥር ያንሱ ነበር፤ ነገር ግን ምሽግ ይዘው በሥርዓት የተሰለፉና መድፍ ያላቸው ነበሩ። የካሣ ሰዎች እንደ ለመዱት በድፍረት ተወረወሩ፤ መድፉና የተሰለፈው ጠብመንጃ አጨዳቸው። ደፋር ሆኖ መሞት ብቻውን አገር እንደማያድን ካሣ የተረዳው ያን ቀን ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሁሉ ሁለት ነገሮችን ሲፈልግ ኖረ፤ ሥርዓት ያለው ወታደርና መድፍ። ያገኘው ሁለተኛውን ነው፤ እርሱንም በከፊል።

የድሎቹን ዝርዝር ሁላችሁም በትምህርት ቤት ስለተማራችሁት ባጭሩ እናልፋለን። በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ 1845 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። በዚያው ወር በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። እኛም ከዚህ ወዲያ አንቱ እንላቸዋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ነገሡ ፊታቸውን ወደ ወሎ መለሱ፤ በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዙ። ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ በጥቂት በር ብቻ የሚገባበት አምባ ስለሆነ ግምጃ ቤታቸውና እስር ቤታቸው አደረጉት። የሸዋው ልጅ ምኒልክም ያደገው በዚያ ነው። እዚህ ላይ እኛ የወሎ ልጆች ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ንጉሡ በወሎ ላይ ያካሄዱት ዘመቻ እጅግ ጨካኝ ነበር፤ የተማረከው እጅና እግሩ ይቆረጥ ነበር። ምኒልክ በሰኔ 1857 ከመቅደላ አምልጠው በወይዘሮ ወርቂት አገር ባለፉ ጊዜ ንጉሡ በንዴት የወይዘሮዪቱን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋር ገደሉት። ስለ አገር አንድነት ያሰቡትን ስናመሰግን ይህን መደበቅ አይገባንም፤ የተጎዳው ሕዝብ የራሳችን ሕዝብ ነውና።

ለሠራዊታቸው ደመወዝና ቀለብ ያስፈልግ ነበር። ወታደር ባላገሩን እየዘረፈ እንዳይኖር ከፈለጉ የሚከፍሉት ገንዘብ ከየት ይምጣ? ንጉሡ ዓይናቸውን የጣሉት በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የተረፈው መሬት ለግብር ይሁን የሚል ዐሳብ አመጡ። ካህናቱ እምቢ አሉ። ለቅዳሴ ከሚያስፈልገው ቁጥር አንጻር ካየነው ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ይታያል፤ መሬቱን ካየነው ግን ቤተ ክርስቲያን ድኻውንና ተማሪውን የምትመግበው ከዚያው ነበርና የካህናቱ ቁጣ ከንቱ አልነበረም። ጠቡ እየከረረ ሄዶ አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታሰሩ፤ በዚያው በእስር እንዳሉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1859 ንጉሡ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው አቃጠሉ። መድፉን የምናደንቅ ሁሉ ይህን አብረን ማስታወስ አለብን።

አሁን ወደ ጋፋት እንምጣ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ወደ አገራችን ሲመጡ ንጉሡ ለኦርቶዶክሳውያን እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው፤ የእጅ ጥበባቸውን ግን ወደዱት። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም በጋፋት ሰፈሩ። ሞሪትዝ ሃል የሚባል ፖላንዳዊና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠብመንጃ ሠሪም ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሙያችን አይደለም አሉ፤ ንጉሡም አገልጋዮቻቸውን አስረው አስገደዷቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እሳቱን አልቻለውም። እንደገና ሞከሩ፤ ቆይቶም ተሳካላቸው። ንጉሡ ደስ ባላቸው ቁጥር ከፊተኛው የሚበልጥ መድፍ ያዝዙ ነበር። ከእንግሊዝ አገር ባለሙያ ይላክልኝ ብለው በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ በ1856 ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ። ባለሙያ አልመጣም፤ በኋላ የመጣው ጦር ነው።

የመጨረሻውና ትልቁ ሥራ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ዓመት ያህል ከበው በመድፍ ከደበደቡት ከሩሲያ የባሕር ምሽግ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ቅርጹን ያየ እንደሚያውቀው አጭር፣ አፉ ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። እንዲህ ያለው ሞርታር ይባላል፤ አረሩን ወደ ላይ ወርውሮ ከግንብ በስተ ጀርባ የሚያሳርፍ፣ የማይንቀሳቀስ ምሽግ ለመምቻ የሚሆን መሣሪያ ነው። ለጋፋት ሰዎች ሞርታር መሥራት ረጅም መድፍ ከመሥራት ይቀላል። ረጅም መድፍ ውስጡ ቀጥ ብሎ መቦርቦር አለበት፣ ባሩዱ ሲቃጠልም ብርቱ ግፊት መቻል አለበት፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ በጋፋት አልነበረም። ንጉሡ አምባ በያዘ ሽፍታ ሁሉ ተከበው ስለነበር ወደ አምባ ራስ የሚወረውር መድፍ መመኘታቸውም ያስኬዳል። እንግዲህ ምርጫው የዕብደት ምርጫ አልነበረም። ክፋቱ በሌላ በኩል ነው።

ትልቅ መድፍ ይሻላል ወይስ ብዙ ትንንሽ መድፍ የሚለው ክርክር የእኛ ንጉሥ ብቻ ችግር አልነበረም። ከእርሳቸው ሞት በኋላ 40 ዓመት ሳይሞላ የዓለም ኃያላን በጦር መርከባቸው ላይ ይህንኑ ተከራክረዋል። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ የሚጭነው አፈ ሙዛቸው 12 ኢንች የሆነ አራት መድፎችና ከእነርሱ የሚያንሱ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ብዙ መድፎች ነበር። ከሩቅ ሲተኮስ ግን ችግር መጣ። አረር ባሕር ላይ ሲወድቅ ውኃው ወደ ላይ ይረጫል፤ ተኳሹም ያንን አይቶ አነጣጠሩን ያርማል። መድፎቹ ልዩ ልዩ ከሆኑ የትኛው ፍንጥቅታ የየትኛው መድፍ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ኩኒቤርቲ የተባለ ኢጣሊያዊ የመርከብ መሐንዲስ አንድ ዓይነት ትልልቅ መድፍ ብቻ የታጠቀ መርከብ ይሠራ ብሎ ጻፈ። በግንቦት 1897 ጃፓኖች የሩሲያን መርከቦች በጹሺማ ሲያሰጥሙ የትልቁ መድፍ ወገን ተበረታታ። እንግሊዞችም በየካቲት 1898 ዓ.ም. ድሬድኖት የተባለችውን መርከብ ወደ ባሕር አወረዱ፤ 12 ኢንች የሆኑ 10 መድፎች ነበሯት። ትንንሾቹም ፈጽመው አልቀሩም፤ ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባ ቢጠጋ ለማባረር 27 ቀላል መድፎች ተጨምረውላታል።

እንግዲህ ትልቁ መድፍ አሸነፈ ማለት ነው? በባሕር ላይ አዎን። ሆኖም መሐንዲሶቹ ለእያንዳንዱ ቶን ይከራከሩ ነበር፤ መድፍ ሲጨመር ወይ የብረት ጋሻው ይሳሳል፣ ወይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ወይ የድንጋይ ከሰሉ ቦታ ይጠባል። ከሁሉም በላይ የመርከብን መድፍ የሚሸከመው ውኃ ነው። የሴባስቶፖልን ክብደት የተሸከመው የሰው ትከሻ ነው።

በመስከረም 1860 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን፣ እስረኞቻቸውንና ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ያን ጊዜ አገሪቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ከእጃቸው ወጥታለች፤ የቀራቸው የሰፈሩበት መሬትና መቅደላ ነው። መንገዱ በቤተ ሖር፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። በካርታ ላይ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን በመካከሉ ሁለት ታላላቅ ገደሎች አሉ፤ የዥጣና የበሽሎ። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ለመሻገር ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሁሉ የዚህን አገር ቁልቁለት ያውቀዋል፤ በሽሎም ውኃውን የሚያፈስሰው ወደዚያው ወደ ዓባይ ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ጠዋት ወርዶ ማታ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እነርሱ ግን 70 ኩንታል ናስ በሠረገላ አውርደው መልሰው ማውጣት ነበረባቸው።

መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ ሠሩት። ቋጥኙን በባሩድ አፈረሱ፣ ዛፉን ቆረጡ፣ ገደሉን ደለደሉ። ንጉሡ ራሳቸው ከበቅሎ ወርደው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ ሁሉ መስክረዋል። ሽቅብ ሲሆን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትታሉ፤ ቁልቁል ሲሆን እነዚያው ሰዎች ወደ ኋላ ይዘው ያስቆማሉ። ዙሪያው ሸፍቷል፤ እህል የሚገኘው በዝርፊያ ነው፤ ወታደሩ በየሌሊቱ ይከዳል። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነበር። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

እኛ ይህን ጉዞ በሁለት ዓይን ነው የምናየው። በአንድ በኩል በዚያ ዘመን በአገራችን እንዲህ ያለ የምሕንድስና ሥራ የሠራ የለም፤ ተጎታቹም መድፍ በአገራችን የፈሰሰ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የንጉሡ እጅግ ውድ ሀብት የነበረው ጊዜ በዚያ ገደል አለቀ። ፈጥኖ መምጣትን እንደ ቴዎድሮስ የሚያውቅ የጦር መሪ አልነበረም፤ ጠላት ሳያስበው በሌሊት ገሥግሦ መምታት የወጣትነታቸው ስም ነበር። ያ ሰው መድፉ በሚሄድበት ፍጥነት እንዲሄድ ተገደደ።

በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወርዶ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ዳር በጥር ተነሥቶ በሚያዝያ መጀመሪያ ደረሰ። ከባዱን መድፍ 44 ዝሆኖች ተሸከሙለት። በውጊያው የሠራው ግን ይበልጡን ሌላ ነው፤ በበቅሎ የሚጫን የተራራ መድፍ። የዚያ መድፍ ብረት አንድ ኩንታል አይሞላም፤ የሚተኩሰው አረርም 3 ኪሎ ያህል ነው። ከሴባስቶፖል አጠገብ ቢቀመጥ መጫወቻ ይመስላል። ሆኖም በቅሎ ከወጣችበት ሁሉ ይወጣል፣ ወዲያው ተገጥሞ ይተኩሳል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የአንዱ አረር ለሌላው ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ደግሞ ይህ ነው። የናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ ንጉሡ ለመድፋቸው የጠረጉትን መንገድ አገኘ። በዥጣ ቁልቁለት የወረደው፣ በደላንታ ሜዳ ያለፈው፣ ወደ በሽሎ የዘለቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሴባስቶፖል ያለፈበት መንገድ ለዝሆን አላነሰም። ንጉሡ ስድስት ወር የደከሙበት ሥራ ለጠላት ጎዳና ሆነ።

በጸሎተ ሐሙስ ንጉሡ ተቆጥተው ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን በገደል አስጣሉ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በዕለተ ስቅለት ከሰዓት በኋላ በእሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ንጉሡ መድፎቻቸውን ፋላ በተባለው ተራራ ላይ አሰልፈው ነበር። ከከፍታ ቁልቁል የሚተኮስ አረር ማነጣጠሩ ከባድ ነው፤ አብዛኛው ከጠላት ራስ በላይ አልፎ ወደቀ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖልም ያን ቀን ምንም አልጠቀማቸውም፤ የሚደበድበው ምሽግ በፊቱ አልነበረም፤ በሜዳው ላይ የነበረው የሚንቀሳቀስ እግረኛ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ወደ ሜዳው ወረዱ። የጠበቃቸው የተራራ መድፍ፣ የእንግሊዝ መርከበኞች ከባሕር ድረስ ተሸክመው ያመጡት ሮኬትና በስተ ኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠብመንጃ ነው፤ ይህ ጠብመንጃ ስናይደር ይባላል፣ በአገራችን በኋላ ስናድር የተባለው ማለት ነው። ገብርዬ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፣ ከዚያ የሚበዛ ቆሰለ። ከእንግሊዞቹ ወገን 20 ያህል ሰው ቆስሎ ሁለቱ ሞቱ። የደባርቂ ነገር ከ20 ዓመት በኋላ ተደገመ፤ አሁን ግን መድፍ በሁለቱም ወገን ነበረ።

ንጉሡ አውሮፓውያን እስረኞችን ለቀቁ። ለፋሲካም ለናፒየር ብዙ ከብት ላኩለት፤ ክርስቲያን በትንሣኤ ቀን ጾሙን የሚፈታበት እንዳያጣ ብለው ነው። ስጦታው የተወሰደላቸው መስሏቸው ዕርቅ ሆነ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ናፒየር ግን አልተቀበለውም፤ እጅዎን ይስጡ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ማዕዶት በምትለው በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ሃይማኖታችን ራስን መግደልን እንደማትፈቅድ እናውቃለን፤ ፍርዱን ግን ለእግዚአብሔር ትተናል። እቴጌ ጥሩ ወርቅ ለምነው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ።

ከመቅደላ አስቀድመው ያመለጡት ምኒልክ ከዚህ በኋላ በመድፍ ግዢ ሌላ መንገድ መርጠዋል። በ1888 ዓድዋ ላይ የነበራቸው ሆችኪስ የተባለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ፣ በበቅሎ የሚጫን ቀላል መድፍ ነው። በጅሮንድ ባልቻ ከመድፈኞቹ ጋር ስማቸውን ያስጠሩት በዚያ ነው። ምኒልክ ይህን ሲመርጡ ስለ ሴባስቶፖል አስበው ይሁን አይሁን በመጽሐፍ አላገኘንም፤ የተራራውን ጠባይ ግን በልጅነታቸው እዚያው አይተውታል።

እንግሊዞች ከመሄዳቸው በፊት አምባውን አቃጠሉ። ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አምጥተው ለመድኃኔ ዓለም ያከማቿቸው መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ መስቀሎችና ዘውዶች ተዘረፉ። ዘረፋውን ወደ ደላንታ ለመውሰድ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ፤ በዚያም ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ በለንደን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጌታችን ሥዕል ኩርዓተ ርእሱም ያኔ ወጥቶ አልተመለሰም። በ1994 ዓ.ም. ከኤዲንብራ አንድ ታቦት፣ በ2011 ደግሞ የንጉሡ ጸጉር ተመልሷል። ሴባስቶፖልን ግን ማንም አልነካውም፤ ለመዝረፍ በጣም ከባድ ነበርና ካለበት ቀረ። ታቦቱና ብራናው የወጣው ለእርሱ በተጠረገው መንገድ፣ በበሽሎ ወርዶ በደላንታ በኩል ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።